በባንቺአየሁ ፓስፖርት

ባንቺአየሁ የሚሏት ሴት ስሟ ባንቺአየሁ አልነበረም። ይህን ከአሁኑ እንወቀውና እንቀጥል፤ አለዚያ የፍርሃቷን ልክ አንረዳላትም።

የምትኖረው በእስራኤል አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዳሌት በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰሩ ከሁለት ቀን አንዱን በሚበላሽበት ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንድ ልጇ ከናዖር ጋር ነው። ከባሏ ከተፋታች ቆይታለች። ሮቫ ሄ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ሠርግ ተጠርታ የማትቀር፣ ለቅሶ ሰምታ የማታድር፣ የታመመ የምትጠይቅ ሴት ናት። ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል። ከሃያ ዓመት በላይ! እስቲ አስቡት፣ ፖስተኛ ሲያንኳኳ እንኳ ቶሎ አትከፍትም። ቀስ ብላ ትንበረከክና በበሩ ሥር የሚታየውን የጫማ ጥላ ታያለች። አንድ ሰው ከሆነ ትከፍታለች። ሁለት ከሆኑ እንደሌለች ትሆናለች፤ ፖሊስ ሁልጊዜ ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው ብላ ታምናለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ከተማ አባ አምባቸው የሚባሉ ሰው ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት ጠብቀው ተራቸው ደረሰ። መብረሪያቸው ቀርቦ ሻንጣ ሲታሰር፣ ልጃቸው ባንቺአየሁ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ጠፋች። ልጅቷ ጠፋች፣ ፓስፖርቷ ቀረ። ሽማግሌው ተንቀጠቀጡ። «አንድ ሰው ከጎደለ ሁላችንንም ያስቀሩናል!» አሉ። ይርጋለም የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረቻቸው፤ የእሷ ልጅ ታንጉት ደግሞ ከባንቺአየሁ ጋር እኩያ ናት፣ ሻሽ ሲያስሩ መልካቸውም ይመሳሰላል። «ልጅሽን ስጭኝ፣ ከልጆቼ ለይቼ አላያትም» ብለው ለመኗት። ይርጋለም ሌሊቱን ስታለቅስ አደረችና ሰጠች። ታንጉት በሰው ፓስፖርት አውሮፕላን ላይ ወጣች። ስትወርድ ፖሊሷ ፎቶውን አየች፣ ፊቷን አየች፣ ማህተሙን መታች። አለቀ። ከዚያ ወዲህ ታንጉት ብሎ የሚጠራት ሰው አልነበረም።

በዚያው ስም ቋንቋ ተማረች፣ በዚያው ስም ወደ ይሁዲነት ገባች፣ አገባች፣ ወለደች። የአባ አምባቸው ሚስት ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞቱ እንደ ልጅ ሆና ሺቫ ተቀመጠችላቸው፤ ሰባቱን ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ «እናቴ!» እያለች አለቀሰች። ያን ጊዜ የእውነት እናቷ ጎንደር በሕይወት ነበረች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ «ሟርት አደረግሁባት ይሆን?» እያለች እንቅልፍ አጥታ ነበር።

ለእናቷ የምትደውለው ከሥራ ስትወጣ፣ ወደ ባሕሩ ወርዳ፣ ነፋሱ ድምፅ የሚያጠፋበት ቦታ ቆማ ነው። እናቷ ስልክ ስለሌላት በጎረቤት ስልክ ነው የሚገናኙት። ይርጋለምም ከልጇ የባሰች ፈሪ ናት፤ ስሟን ብጠራ ከስልኩ ወጥቶ ያስይዛታል ብላ «አንቺዬ» ብቻ ነው የምትላት። ባለፈው ጊዜ ስትደውል ሳል አላስወራት አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። መንገዱም ኔትወርኩም ተዘግቷል ስለተባለ «ይመለሳል» ብላ ራሷን አጽናናች።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ናዖር ከባሲሱ፣ ከጦር ሰፈሩ፣ ለሸባት ለሰንበት እረፍቱ እየዘለለ የመጣው። ወታደር ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ዩኒፎርሙን ሲለብስ እናቱን ዓይኗን በእንባ የሚሞላ ልጅ። እናቱን በዕብራይስጥ «ኢማ» ነው የሚላት።

«ኢማ፣ ተመረጥሁ እኮ! ሞዲዒን፣ የስለላው ክፍል ውስጥ ሊያስገቡኝ ነው! ሲቩጉን ካለፍሁ አለቀ!»

«ሲቩግ ምንድን ነው ደግሞ?» አለች።

«ምስጢር ከመስጠታቸው በፊት ያጣሩሃል። አባትህ ማነው፣ እናትህ ማናት፣ ከየት መጣች፣ እዚያ ማን ቀራት። አይዞሽ፣ ሁሉንም ሞልቻለሁ። አያቴም ሞታለች፣ እዚያ ማንም የለንም ብዬ ፈርሜያለሁ። ምናልባት ላንቺም ይደውሉ ይሆናል።»

«ለእኔ?»

«ሁለት ጥያቄ ነው፣ ምን አስደነገጠሽ?»

ያን ቀን ማታ ራዲዮው ስለ አንድ ሰው አወራ። በሰው ፓስፖርት አገር ገብቶ ዓመታት ኖሮ ተያዘ፤ አሁን ከየትኛውም አገር የገባውን የድሮውን ሁሉ እንደገና ሊያጣሩ ነው፣ ጉዳዩ የአገር ደኅንነት ነው ተባለ። ናዖር ዳቦውን እየቆረሰ ራሱን ነቀነቀ።

«ለእንዲህ ዓይነቱ ምሕረት አያስፈልግም። እኔ ብሆን ያኑ ዕለት ነው የምመልሰው።»

«ምናልባት ቸግሮት ይሆናላ፣ ልጄ።»

«ኢማ፣ አንቺ ደግ ስለሆንሽ ነው። ዛሬ ምስኪኑ የገባበት በር ነገ ቦምብ የያዘው ይገባበታል። ስሙን የዋሸ ሰው ሌላ ምን እንደዋሸ በምን ታውቂያለሽ?»

ውሃ ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። የሚያሳዝነው ነገር ልጇ ተሳስቷል ለማለት አለመቻሏ ነበር። እሷም አውቶቡስ ላይ ባለቤት የሌለው ቦርሳ ስታይ ወርዳ የምትሮጥ ሴት ናት፤ በዚህች ከተማ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ልጇን አቅፋ ደረጃ ሥር የተደበቀች ሴት ናት። ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ እንዲጣራ እሷም ትፈልጋለች። ግን የሚጣራው ሰው እሷ ሆና ተገኘች! እሷን ቢይዟት ይያዟት፤ ልጇስ? ፈርሟል። የውሸት ወረቀት ላይ በእጁ ፈርሟል። ዋሽቶናል ቢሉትስ? ውሃው ገንዳውን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ አልሰማችም።

የባሰው ነገር የመጣው በሳምንቱ ነው።

ሲምሓ የምትባል የሥራ ጓደኛ አለቻት። ያኔ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ብዙ ሰው ባመጣው አውሮፕላን ሕፃን ሆና የመጣች፣ አፏ የማያርፍ፣ ድስት እያጠበች የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የምታጥብ ሴት ናት። ማክሰኞ ጠዋት ባንቺአየሁ ወጥ ቤቱ ስትገባ ሲምሓ በስልክ «ገና አልሰማችም፣ ዝም በሉ» ስትል ደረሰችባት፤ ሲምሓም ቶሎ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ዝም! ሲምሓ ዝም! ድንች ስትልጥ ቀና ብላ ታያትና ዓይኗን ትሰብራለች።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለቻት ባንቺአየሁ።

«ምንም። በላሽ ወይ? ብይ እስቲ በሞቴ። ደምግፊትሽስ እንዴት ነው? ኪኒንሽን ትወስጃለሽ?»

«ምን አገባሽ በኪኒኔ!»

«ዝም ብዬ ነው፣ እታለም» አለችና ፊቷን አዞረች።

ረቡዕ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሲምሓ «ስልኬ ተበላሸብኝ፣ ያንቺን አውሽኝ፣ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ እመልስልሻለሁ» ብላ ከእጇ ላይ ወሰደችባት። እምቢ ልበል ስትል እምቢ ማለቱ ራሱ ያስጠረጥራል ብላ ፈራች። አውቶቡስ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው የእናቷ ጎረቤት ቁጥር ስልኩ ውስጥ እንዳለ ትዝ ያላት። ይኸውላችሁ፣ ስልኳን ወሰዱት! ሊመረምሩት ነው! ሲምሓ! ሲምሓ ትሸጠኛለች? ብላ እስከ ቤቷ ድረስ ከንፈሯን ነከሰች።

ሐሙስ ዕለት አለቃዋ አቪ ቢሮው ጠራት። ጮሌ፣ ፈረቃ ሲቀየር እንኳ የሚጨቃጨቅ ሰውዬ ነው። ያን ቀን ግን ድምፁ ለስልሶ «ከእሑድ ጀምሮ ሳምንቱን አትምጪ፣ ሁሉንም አውቄያለሁ፣ አትጨነቂ» አላት። ምኑን ነው ያወቀው? ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሮቫ አሌፍ፣ ወደ አባ አምባቸው። በዚህ ምድር ላይ ይህን ጭንቀት የምታካፍለው እሳቸውን ብቻ ነው። ሽማግሌው ግን ቤታቸው ውስጥ ሦስት ሰዎች ይዘው እየተማከሩ ነበር። ስትገባ ሁሉም ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ አባ ቢምረው ነበሩ፤ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ተነሥተው «እንዴት ሰነበትሽ ልጄ» ብለው ሳሟት፣ ከወትሮው አስረዝመው። አባ አምባቸው ዓይናቸው ቀልቷል።

«አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆንሁ። ናዖር ለሸባት ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«እሑድ ስንት ሰዓት ነው ወደ ባሲሱ የሚመለስ?»

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ዝም ብዬ» አሉና እጇን ያዙ። «ጠንክሪ ልጄ። እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉ፤ አባ ቢምረው ቆጣ ብለው ሲያዩዋቸው ዝም አሉ።

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አለቀልኝ አለች። ያዙን። አባዬን መርምረዋቸዋል፣ ሽማግሌዎቹን ጠርተው ነግረዋቸዋል፣ እሑድ ልጄ ከወጣ በኋላ ሊወስዱኝ ነው፤ ልጁ እንዳያይ ብለው ይሆናል፣ ለዚያ እንኳ ይመስገኑ። መጥፋት አሰበች። ወዴት? በማን ፓስፖርት?

ሸባትን እንዴት እንዳሳለፈችው አትጠይቁኝ። ናዖር በላ፣ ተኛ፣ ሣቀ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ፀጉሩን ታያለች፣ ጆሮውን ታያለች። አሥር ጊዜ «ናዖርዬ» ብላ ጀመረች፣ አሥር ጊዜ «ትንሽ ጨምርልህ ወይ?» ብላ ጨረሰች። አሁን ብነግረው ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ወይ ይደብቃል ወይ ያሳብቃል፤ ሁለቱም ይገድለዋል ብላ ዋጠችው። ማታ ትንሽ ቦርሳ አውጥታ ኪኒኗን፣ ሹራቧን፣ የልጇን ፎቶ ከተተች።

እሑድ ጠዋት ናዖር ጠመንጃውን አንግቶ፣ ግንባሯን ስሞ ወጣ። የደረጃው ኮቴ እስኪጠፋ ሰማችው። ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ብዙም አልቆየ። ተንኳኳ።

ተንበረከከችና በበሩ ሥር አየች። ጥላው አንድ አልነበረም፣ ሁለትም አልነበረም። ሞልቶታል። ከጫማዎቹ መካከል የአባ አምባቸውን ዱላ ጫፍ ለየችው። ወይኔ! ሽማግሌውንም ይዘዋቸው መጡ! ያን ጊዜ ፍርሃቱ አንድ ነገር ሠራ፤ እግሯን ሲያስራት የኖረው ፍርሃት አሁን አፏን ፈታው። ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አባ ቢምረው ከፊት ናቸው። አባ አምባቸው፣ ሲምሓ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች። ከኋላ ደግሞ የማታውቀው፣ ጥቁር ቦርሳ የያዘ ጎልማሳ ሰው። እሱ ነው፣ መርማሪው እሱ ነው!

«ምንም አትናገሩ!» አለች እየጮኸች። «እኔው እናገራለሁ! ስሙ የእኔ አይደለም። ፓስፖርቱ የባንቺአየሁ ነው፣ እኔ ታንጉት ነኝ፣ የልብስ አጣቢዋ ልጅ! እሳቸውን ተዋቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ የመጣሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ልጄ ምንም አያውቅም። የፈረመው ሳያውቅ ነው! እኔን ውሰዱኝ!»

ሁለቱን እጆቿን አቆራኝታ ለሰውዬው ዘረጋችለት።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሲምሓን አያት። ሲምሓ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ነጠላዋ በለቅሶ አለባበስ ተዘቅዝቆ ነበር፤ ባንቺአየሁ ይህን ያየችው አሁን ነው።

«እሱ ናፍታሊ ነው፣ ነርስ ነው፣ ደምግፊትሽ ቢነሣብሽ ብለን ያመጣነው» አሉ አባ ቢምረው በዝግታ። «ማንም አይወስድሽም፣ ልጄ። ታንጉት መሆንሽንማ እናውቃለን። እኔ ከእናትሽ ሰፈር አይደለሁ እንዴ? አገር ውስጥ የገባሽ ዕለት ፊትሽን አይቼ አወቅሁሽ። ቁርጥ ይርጋለምን! ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልነው ያንቺን ቤት ላለማፍረስ ነው፤ ልጅሽ እስኪወጣ የጠበቅነውም ለዚያው ነው። የመጣነው ለሌላ ነው፤ ከሰፈራችን ሰው መልእክት ልኮብን ነው።» ወደ እሷ ቀረብ አሉ። «የመጣነው ልናረዳሽ ነው። እናትሽ ይርጋለም አርፋለች።»

መርዶ! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ማክሰኞ ይገባው ነበር። በሹክሹክታ መማከሩ፣ በስልክ እንዳትሰማ ስልኳን መውሰዱ፣ ከአለቃዋ የሺቫ ፈቃድ መለመኑ፣ ሸባትን አሳልፎ እሑድ በማለዳ ተሰብስቦ መምጣቱ፣ ሁሉም መርዶ ነው፤ እሷም ለሰው ስንት ጊዜ እንዲሁ አድርጋለች። ግን እዚያ ሰው አለኝ ብላ ላንድም ሰው ተንፍሳ የማታውቅ ሴት ማን ያረዳኛል ብላ ትጠብቅ?

መሬት ላይ ዘፍ አለች። ለማልቀስ አፏን ስትከፍት ከደረጃው ድምፅ መጣ።

«ኢማ?»

ናዖር ነበር። አውቶቡስ ጣቢያው ሆኖ አያቱን ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ሕንጻው ሲገቡ አይቶ፣ ምን ሆነች ብሎ እየሮጠ ተከትሏቸው ነበር የመጣው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

ሲምሓ ፈጥና ባንቺአየሁ ጆሮ ሥር ተንበረከከች። «ስሚኝ፣ እታለም፣ ጎረቤት በር እየከፈተ ነው። 'አክስቴ' እያልሽ አልቅሺ። በሞቴ! በሰው ፊት ያንቺ እናት ያኔ ሞታለች፣ ሺቫ ተቀምጠሽላታል፤ እናት ሁለቴ አትሞትም። 'እናቴ' ካልሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አክስቷ ሞተች ብለን ተነጋግረናል። 'አክስቴ' በይ!»

እውነቷን ነበር። ከታች የሺርሊ በር ተከፈተ። ሺርሊ ማለት አማርኛ የምታውቅ፣ ወሬ የማያልፋት፣ ባንቺአየሁ ለአባ አምባቸው ሚስት ሺቫ ስትቀመጥ ወንበር የደረደረች ጎረቤት ናት።

«አክ…» አለች። «አክስ…» መጨረስ አቃታት። አስቡት እስቲ፣ ከልጇ ውጭ ምንም ያልነበራት ሴት ሞታ፣ ልጇ «አክስቴ» ልትላት! ግን ደረጃው ላይ ልጇ ቆሟል፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃው፣ በስሙም ያ የፈረመው ወረቀት። ስለ እሱ ብላ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሞከረች።

ናዖር ቀስ እያለ ወጣና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«የሞተችው… አያቴ ነበረች?»

«አዎ።»

«አናግሬያት አውቃለሁ?»

ባንቺአየሁ ራሷን ያዘች። «አንድ ጊዜ። ትንሽ ልጅ ሆነህ ስልኬን አነሣህ። 'ማነው?' ስትል ሰማሁህ። 'ተሳስተዋል' ብዬ ነጥቄህ ዘጋሁባት።»

ልጁ ስለ በሩና ስለ ቦምቡ የተናገረው ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያልፍ ለእናቱ ይታያት ነበር፤ አሁን ይነሣል፣ አሁን ትቶኝ ይወርዳል እያለች ትንፋሿን ያዘች። እሱም ሊነሣ ጉልበቱን ያዘ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ግድግዳውን አስደገፈው።

«እናቴ በያት፣ ኢማ» አለ።

«ልጄ፣ አንተስ? ሲቩጉስ? የፈረምኸውስ?»

«እናቴ በያት አልሁሽ!» አለ፣ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ተሰብሮ።

ያኔ ጮኸች። «እናቴ! ይርጋለም እናቴ! እኔ ታንጉት ነኝ! ስሜን ሳትጠሪኝ! ተሳስተዋል ብዬ የዘጋሁብሽ ታንጉት ነኝ፣ እናቴ!» አባ አምባቸው ዱላቸውን ጥለው አብረው አለቀሱ። በየፎቁ በሮች ተከፈቱ። ሺርሊ በሌሊት ልብሷ ግማሽ ደረጃ ወጥታ ቆመች።

«ምነው፣ የባንቺአየሁ እናት ያኔ ሞተው አልነበረም እንዴ? ሺቫው ላይ ወንበር የደረደርሁት እኔ አይደለሁ?»

ሲምሓ አንድ ነገር ለማለት ብድግ አለች፤ ናዖር ቀደማት።

«ያኔ የሞተችው የአባባ አምባቸው ሚስት ናት። አሁን የሞተችው የእናቴ እናት ናት» አለ፣ ደረጃው ሁሉ እስኪሰማ። ከዚያ የቡትስ ጫማውን ክር ፈትቶ አወለቀና እናቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አውጥቶ አየው፤ ቁጥሩ አይታይም። የሚያጣሩት ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ቁጥር እንደሚደውሉ ነግሯት ነበር። ታንጉት እጁን አጥብቃ ያዘችው። ናዖር እጁን ሳያስለቅቅ በሌላኛው እጁ አነሣው።